ርካሹ መረብ ስንት ያስከፍላል?

አሥር ወጣቶች ተደራጁ እንበል። ብድር ተፈቅዶላቸዋል፤ ግድብ ላይ ዓሣ የማስገር ፈቃድም አግኝተዋል። የቀራቸው ዕቃ መግዛት ብቻ ነው። ከደብረ ማርቆስና ከአካባቢዋ ወረዳዎች ለሚነሳ እንዲህ ያለ ቡድን መንገዱ ሦስት ነው። አንደኛው ወደ ባሕር ዳር፣ ሁለተኛው ወደ አዲስ አበባ መርካቶ ያመራል። ሦስተኛው በውጭ አገር ያለ ዘመድ እንዲልክ ወይም አስመጪ እንዲያመጣ ማዘዝ ነው። ሦስተኛው መንገድ ቅርብ ጊዜ ድረስ የጥቂት ሰዎች ነበር። አሁን ግን ስልክ የያዘ ወጣት ሁሉ የቻይናውን መረብና የጃፓኑን ሪል ከነዋጋው ስለሚያይ፣ “ለምን ከምንጩ አንገዛም?” የሚለው ጥያቄ በየስብሰባው ይነሳል።

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት “የውጭ” እና “የአገር ውስጥ” በሚል የሚለይ አይደለም። መርካቶ ላይ የሚሸጠው መረብ፣ መንጠቆ፣ የናይሎን ክርም ሆነ ሪል በአብዛኛው ከውጭ የገባ ነው። ስለዚህ ንጽጽሩ ዕቃው የት ተሠራ የሚል ሳይሆን፣ ዕቃው ሳይሆን ቢቀር የሚጠየቀው ማን ነው የሚል ነው። ከሱቅ የሚገዛ ሰው ጥቅሉን አስፈትቶ የመረቡን ዓይን ይለካል፤ ክሩን ይጎትታል፤ ካልተስማማው ጥሎ ይሄዳል። ከባሕር ማዶ ያዘዘ ሰው ግን ያዘዘውን የሚያየው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው።

በቅድሚያ የሪሉን ነገር እንጨርስ። ሪል የማጥመጃ ክር የሚጠቀለልበት ዘንግ ላይ የሚታሰር መሣሪያ ነው። እጀታው አንድ ጊዜ ሲዞር በውስጡ ባሉት ጥርሶች አማካይነት ክሩን አምስት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ይጠቀልላል፤ ዕቃው ላይ 5.2፡1 ተብሎ የሚጻፈው ይኸው ነው። ትልቅ ዓሣ ሲስብ ክሩ እንዳይበጠስ የሚለቅ ፍሬንም አለው። በአገራችን ሪል ቦታውን ያገኘው ከስንት አንዴ ነው። ከኬንያ የመጣው የትራውት ዓሣ በተለቀቀባቸው የባሌ ተራሮች ቀዝቃዛ ወንዞች፣ እንዲሁም ናይል ፐርች በሚገኝበት በጫሞ ሐይቅ ለመዝናኛ የሚያጠምዱ ሰዎች ይጠቀሙበታል። ለመዝናኛ ግሩም ዕቃ ነው። ለእንጀራ ሲሆን ግን አንድ ሰው፣ አንድ ዘንግ፣ አንድ ዓሣ ነው። በወረዳ ደረጃ ለወጣቶች በሚዘጋጅ የግዢ ዝርዝር ውስጥ “ዘመናዊ” በሚል ሪል ከገባ፣ ዝርዝሩን ያወጣው ሰው ውኃውን አላየም ማለት ነው።

ሪል መግዛት የሚፈልግ ካለም ከውጭ ከማዘዙ በፊት አንድ ነገር ያስብ። ክሩን የሚመራው ቀስት ስፕሪንግ ሲሰበር ወይም ጥርሱ ሲላላ በቅርቡ የሚጠግን ሰውና የሚተካ ዕቃ ያገኛል ወይ? የታወቁትን የጃፓን ስሞች፣ ሺማኖንና ዳይዋን፣ የለጠፉ አስመስለው የተሠሩ ዕቃዎችም ገበያውን ሞልተውታል፤ በፎቶ ደግሞ ሁሉም አንድ ነው። ሱቅ ውስጥ ግን እጀታውን አዙሮ የሚንገጫገጭ መሆኑን ማወቅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እንደ ጨሞጋና ጠምጫ ባሉ ወንዞች ዳር ለራሱ ምግብ የሚያጠምድ ሰው በእንጨት ላይ የተጠቀለለ ክርና ጥሩ መንጠቆ ይበቃዋል። መንጠቆ ሲገዛ የሚያሳስተው ቁጥሩ ነው። 10 ቁጥር መንጠቆ ከ6 ቁጥር ያንሳል። ከ1 ቁጥር በኋላ ግን አቆጣጠሩ ይገለበጥና 1/0፣ 2/0 እያለ ትልቅ እየሆነ ይሄዳል። ይህን ያልተገነዘበ ገዢ ለአምባዛ ብሎ የዓሣ ጫጩት መንጠቆ ሊሸከም ይችላል።

ገንዘቡም ጣጣውም ያለው መረብ ላይ ነው።

ለዚህ ጣናን ማየት ይበቃል። በ1978 ዓ.ም. ገደማ ኡርክ ከተባለች የኔዘርላንድስ የዓሣ አስጋሪዎች ከተማ የመጣ የቤተ ክርስቲያናት በጎ አድራጎት ድርጅት የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ሐይቁ አስገባ። እስከዚያ ድረስ ማስገር በአመዛኙ በወይጦዎች የደንገል ታንኳ፣ ከዳር ብዙም ሳይርቅ የሚካሄድ ነበር። አዲሱ ዕቃ ሐይቁን በሙሉ ከፈተው። ባሕር ዳር የዓሣ ከተማ ሆነች፤ አስጋሪዎች በማኅበር ተደራጁ፤ ዓሣ እስከ አዲስ አበባ ተጫነ። ይህ ከውጭ የመጣ ዕቃ ያመጣው በጎ ለውጥ ነው፤ ሊካድ አይገባም።

ሌላም ነገር አብሮ መጣ። በጣና ከሚገኙት ዓሦች ውስጥ ነጭ ዓሣ እያልን ከምንጠራቸው ዝርያዎች አብዛኞቹ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ናቸው። አብዛኞቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። ጉማራና ርብ ከወዲያ ማዶ፣ ግልገል ዓባይ ደግሞ ከእኛው ከጎጃም ደጋ። መረብ በወንዙ አፍ ላይ በዚህ ወቅት ሲዘረጋ የሚይዘው የዕለቱን ዓሣ ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለውን ዓመት ጭምር ነው። በብርብራ ዱቄት ወንዝ መመረዝም የጉዳቱ ተጨማሪ ነው። ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ አጋማሽ ያገኙትን መጠን ከአሥር ዓመት በኋላ ካገኙት ጋር ሲያስተያዩ፣ ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ ሦስት አራተኛ ያህሉ መመናመኑን ጽፈዋል። ይህ የሆነው ሞኖፊላመንት የተባለው መረብ እንዲህ ከመስፋፋቱ በፊት ነበር።

ሞኖፊላመንት ባለ አንድ ዘለላ ክር መረብ ነው። በውኃ ውስጥ ብርጭቆ ይመስላል፤ ዓሣው አያየውም። በዋጋው ርካሽ ነው፤ ክብደቱ ቀላል ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሌላው መረብ የበለጠ ይይዛል። አስጋሪው የሚወደው በዚሁ ነው፤ ወጣቱ አላዋቂ ስለሆነ ገዛው ማለት ትክክል አይደለም። ብድር ያለበት ሰው ዛሬ የሚይዝ መረብ ይፈልጋል። ይህ መረብ በአመዛኙ ከሱዳን በመተማ በኩል እንደሚገባ ለዓመታት ሲነገር ቆይቷል። ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ቀረጥ ስለሚገባም ሕጋዊው ነጋዴ በዋጋ ሊወዳደረው አይችልም።

ችግሩ ከጥቂት ወራት በኋላ ይመጣል። አንድ ዘለላ ክር ፀሐይ ሲመታው ይሰባበራል፤ ድንጋይና ጉቶ ሲነካው ይበጠሳል። ቋጠሮው ስለሚንሸራተት መጠገን አስቸጋሪ ነው። አስጋሪው ዓሣውን ለማውጣት መረቡን ይቆርጥና ቁራጩን ዳር ላይ ይጥላል። የተጣለው መረብ አይበሰብስም። ውኃ ውስጥ ከቀረ ማንም ሳይሰበስበው ዓሣ መያዙን ይቀጥላል፤ ዳር ላይ ከቀረ የወፍ እግር ይጠልፋል፤ ከሣር ጋር ከብት ሊውጠውም ይችላል። በብዛት የሚመጣው ደግሞ በጠባብ ዓይን ስለሆነ ገና ያልወለደውን ቆሮሶ ይጠርጋል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ያሉት ኬንያ፣ ታንዛኒያና ኡጋንዳ የከለከሉት፣ በእኛም ክልል የተከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። በፌዴራል ደረጃ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ክልሉም የራሱን አዋጅና ደንብ አውጥቷል። በአዋጅ የተከለከለ መረብ ዋጋው ስንትም ይሁን ስንት፣ በወረሱት ቀን ዋጋው ዜሮ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት የቀረቡ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንድ ሞኖፊላመንት መረብ 2 ሺህ ብር፣ ተመሳሳይ ርዝመት ያለው የተገመደ ናይሎን መረብ 4 ሺህ ብር ቢሆን፣ ቡድኑ በመጀመሪያው ቀን 2 ሺህ ብር ያተረፈ ይመስለዋል። የመጀመሪያው በአራት ወር ካለቀ በዓመት ሦስት መግዛት ይኖርበታል፤ 6 ሺህ ብር ሆነ። ሁለተኛው እየተጠገነ ሁለት ዓመት ቢያገለግል የዓመቱ ድርሻ 2 ሺህ ብር ነው፤ የጥገና ክር 500 ብር ቢጨመርበት እንኳ 2 ሺህ 500 ብር። ርካሽ የተባለው መረብ ከሁለት እጥፍ በላይ አስከፈለ። የትኛውም ቡድን የራሱን ቁጥር አስገብቶ ይህን ማስላት ይችላል። ዋናው ነገር ዋጋውን በወር ማካፈል ነው።

ከውጭ ማዘዝ የሚፈልግ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለበት። ወደ አገር በሚገባ የንግድ ዕቃ ላይ ከጉምሩክ ቀረጡ ሌላ በአብዛኛው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ 10 በመቶ ሱር ታክስና 3 በመቶ ቅድመ ግብር ይጣላል። ታክሶቹ አንዱ በሌላው ላይ የሚሰሉ ናቸው። ከነማጓጓዣው 10 ሺህ ብር የሆነ ዕቃ ቀረጡ 10 በመቶ ነው ብለን ብናሰላ፣ ቀረጡ 1 ሺህ፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 1 ሺህ 650፣ ሱር ታክሱ 1 ሺህ 265፣ ቅድመ ግብሩ 300 ብር ይሆንና ዕቃው 14 ሺህ 215 ብር ይደርሳል። ይህም ከጉምሩክ ደጃፍ እስከ ደብረ ማርቆስ ያለውን ጭነት ሳይጨምር ነው። የውጭ ምንዛሬውም አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በስልክ ላይ በዶላር ትንሽ የመሰለው ዋጋ በብር ሲመነዘር ሌላ ነው።

ይህ ማለት ከውጭ ማስመጣት ፈጽሞ አያዋጣም ማለት አይደለም። አንድ የኅብረት ሥራ ዩኒየን የብዙ ማኅበራትን ፍላጎት አሰባስቦ፣ ናሙና አስልኮና ለክቶ፣ በሕጋዊ አስመጪ በኩል በጅምላ ቢያዝ የነጋዴውን ትርፍ ይቆጥባል። ሃያ መረብ ለሚገዛ ቡድን ግን አይሆንም።

ከአገር ውስጥ ሱቅ የሚገዛም ቢሆን ዓይኑን ጨፍኖ አይገዛም። ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው በሦስት ቦታ ነው።

የመጀመሪያው የመረቡ ዓይን ነው። አንዱ ሻጭ ዓይኑን ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ይለካል፤ ሌላው ዓይኑን ወጥሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለካል። የሁለተኛው አለካክ የመጀመሪያው እጥፍ ነው። ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ መረብ ሲወጠር 10 ሴንቲ ሜትር ነው። በኢንች የሚሸጡም አሉ፤ ሲወጠር 4 ኢንች የሆነ መረብ 10 ሴንቲ ሜትር ያህላል። ተመራማሪዎችም ባለሙያዎችም በተለምዶ የሚናገሩት ስለተወጠረው ልክ ነው። “ባለ 10” ተብሎ የተጻፈ የወረዳ የግዢ ጥያቄ በእነዚህ ሁሉ መንገዶች ሊተረጎም ይችላል፤ ተጫራቹ ደግሞ ለእሱ የሚመቸውን ይመርጣል። ማስመሪያ ይዞ መሄድ ይበጃል። አንድ ዓይን ብቻ መለካት በቂ አይደለም፤ አሥር ዓይን አብሮ ወጥሮ ለአሥር ማካፈል ይሻላል።

ሁለተኛው የክሩ ውፍረት ነው። በጥቅሉ ላይ 210/6 ወይም 210/9 የሚል ጽሑፍ ይታያል። 210 ማለት የአንዱ ቀጭን ክር 9 ሺህ ሜትር 210 ግራም ይመዝናል ማለት ነው። ከዝባዙ በኋላ ያለው ቁጥር ስንት እንዲህ ያለ ክር አብሮ እንደተገመደ ይናገራል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን መረቡ ይጠነክራል፤ ለዓሣውም ይበልጥ ይታየዋል። ጉቶና ድንጋይ የበዛበት አዲስ ግድብ ላይ ወፈር ያለው፣ ንጹሕ በሆነ ውኃ ላይ ቀጠን ያለው ይመረጣል። በጥቅሉ ላይ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ፈጽሞ ከሌለ፣ በምትኩ የሚሊ ሜትር ልክ ብቻ ካለና ክሩ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ሞኖፊላመንት ነው። ክሩን በጥፍር ፈትቶ ማየትም ይቻላል፤ የተገመደው ይፈታል፣ አንድ ዘለላው አይፈታም።

ሦስተኛውና ብዙ ክርክር የሚያስነሳው ርዝመቱ ነው። መረብ ተወጥሮ 100 ሜትር ከሆነ፣ በገመድ ላይ ሲሰፋ 100 ሜትር አይሆንም። ዓይኑ እንዲከፈት ላላ ተደርጎ ስለሚታሰር በተለምዶ 50 ሜትር ገመድ ላይ ያልቃል። ይህን የማያውቅ ቡድን መቶ ሜትር ከፍሎ ሃምሳ ሜትር ተሰጠኝ ብሎ ሻጩን ይከሳል፤ ይህን የሚያውቅ ሻጭ ደግሞ የተሰፋውን ባልተሰፋው ዋጋ ሊሸጥ ይሞክራል። ግዢው ሲጠየቅ “ያልተሰፋ፣ ተወጥሮ ይህን ያህል ሜትር፣ ቁመቱ ይህን ያህል ዓይን” ተብሎ ቢጻፍ ክርክሩ አይነሳም። መረቡን በራስ መስፋትም ይቻላል። ገመድ፣ ተንሳፋፊና እርሳስ ለየብቻ ተገዝተው አንድ ልምድ ያለው አስጋሪ ለቡድኑ ቢያሳይ በቀናት ይለመዳል። በምሥራቅ አፍሪካ ሐይቆች ዙሪያ ከአሮጌ ጎማ የናይሎን ክር እየፈቱ መረብ በእጃቸው የሚሠሩ አስጋሪዎች ነበሩ። ከዚያ አንጻር የተሠራ መረብ ገመድ ላይ መስፋት ቀላል ነው።

እዚህ ላይ ለወረዳ ኃላፊዎች አንድ ቃል። በመንግሥት ግዢ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል የሚባለው የተጠየቀውን ዝርዝር ላሟላ ብቻ ነው። ዝርዝሩ “የዓሣ መረብ፣ 20” ከሆነ ሞኖፊላመንት ያቀረበው ነጋዴ ያሸንፋል፤ ኮሚቴውም ሊጥለው የሚችልበት ምክንያት አይኖረውም። ከዚያ አንድ ጽሕፈት ቤት ገዝቶ ያከፋፈለውን መረብ ሌላ ጽሕፈት ቤት በሕግ ሊቃጠል ይገባል ብሎ ይወርሳል። ዕዳው ግን በወጣቶቹ ስም ይቀራል። የተወጠረ የዓይን ልክ፣ የክር ዓይነትና ቁጥር፣ ያልተሰፋ ርዝመት፣ ቁመት፣ የሚለው አራት መስመር ቢጨመር የሚጠይቀው ግማሽ ሰዓት ነው። ዝርዝሩን ለማየት በባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች አሉ፤ በቅርብም የወረዳው የእንስሳትና ዓሣ ሀብት ባለሙያ አለ።

ከዕቃው በፊት ግን ውኃው ይታይ። በምዕራብ ጎጃም እንደ ጌራይ ያለ ግድብ ወይም 7 ሺህ ሄክታር መሬት እንዲያለማ የተሠራው የቆጋ ግድብ ለመረብ ይመቻሉ። ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያለ ኩሬ ግን ሌላ ነው። ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል። የውኃው ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲወርድ መራባቱን ያቆማል፤ ዕድገቱም ይዘገያል። በቆላው ግድብ የታየውን የምርት መጠን በደጋው ኩሬ ጠብቆ ብዙ መረብ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። በሌማት ትሩፋት ስም ኩሬ የቆፈሩ አርሶ አደሮች ለትንሽ ኩሬ የሚያስፈልጋቸው ዘርግቶ የሚጎተት አንድ አጭር መረብ ነው፤ እሱንም አምስት ስድስት ጎረቤት ተካፍሎ ሊገዛው ይችላል። በየቤቱ መረብ ማደል ለአይጥ ቀለብ መስጠት ነው።

አይጥ ካነሳን፣ ናይሎን መረብን ከአይጥ ቀጥሎ የሚጎዳው ፀሐይ ነው። ከውኃ ሲወጣ ደሙና ጭቃው በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ጥላ ሥር ይሰቀላል፤ ሲደርቅ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጣል። አጥር ላይ ቀኑን ሙሉ የሚሰጣ መረብ ጥንካሬው በየቀኑ ይቀንሳል።

የዓሣ ፈላጊ የሚበዛው በዐቢይ ጾም ነው። ለዚያ ገበያ ለመድረስ የሚፈልግ ቡድን መረቡን ገዝቶ፣ ሰፍቶና በውኃ ሞክሮ ማጠናቀቅ ያለበት እስከ ጥር ነው። ነጭ ዓሣ ወደ ወንዝ የሚወጣበት ጊዜ በጥቅምት ስለሚያበቃ፣ ከኅዳር ጀምሮ ያሉት ሳምንታት ለግዢውም ለስፌቱም አመቺ ናቸው። ከውጭ የታዘዘ ዕቃ ግን ጉምሩክ ሲዘገይ ፋሲካን አልፎ ሊደርስ ይችላል።